የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ግንደ ሕዋሳትና የኅብረ ሕዋስ ጥገና፦ የምርምሩ ተስፋና ለጋሞ ደጋ እናቶች ዛሬ ያለው ሕክምና

መግቢያ

የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን በየወሩ ፈርሶ በየወሩ የሚታደስ የአካል ክፍል ነው። አንዲት ሴት የወር አበባ ማየት ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ እስከምታርጥበት ዕድሜ ድረስ፣ እርግዝናና ጡት ማጥባት ቁጥሩን ካልቀነሱት በቀር፣ ይህ ሽፋን 400 ጊዜ ያህል ሊፈርስና ሊታደስ ይችላል። ቆዳ በጥልቀት ሲቆረጥ ጠባሳ ይተዋል፤ የሞተ የልብ ጡንቻም በጠባሳ ይተካል። ጤናማ የማህፀን ሽፋን ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ሲታደስ ጠባሳ አይተውም።

ተመራማሪዎች የዚህን ችሎታ ምንጭ ሲፈልጉ ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የሚባሉ ጥቂት ሕዋሳትን በሽፋኑ ውስጥ አግኝተዋል። ከእነዚህም ሕዋሳት የተጎዳ ኅብረ ሕዋስን ለመጠገን የሚያግዝ ሕክምና ለማግኘት በልዩ ልዩ አገሮች ምርምር እየተካሄደ ነው። ብዙ ትኩረት ካገኙት የምርምር መስኮች አንዱ የማህፀን መውረድ ነው። ይህም የጤና እክል ብዙ ልጆች በወለዱ፣ ረጅም ምጥ ባሳለፉና ከባድ ሸክም በሚሸከሙ እናቶች ላይ የሚበረታ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከአርባ ምንጭ በላይ በሚገኙት በዶርዜ፣ በጨንቻና በሌሎች የጋሞ ደጋ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ሩቅ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምርምሩን ምንነትና የደረሰበትን ደረጃ ማስረዳት፣ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው እናቶች ዛሬ ያለውን አማራጭ ማሳወቅ፣ እንዲሁም ባልተረጋገጠ የግንደ ሕዋስ ሕክምና ስም ከሚደርስ ጉዳት ኅብረተሰቡ ራሱን እንዲጠብቅ ማስገንዘብ ነው።

የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን አሠራር

ማህፀን በአብዛኛው ከጠንካራ ጡንቻ የተሠራ ሲሆን፣ የውስጠኛው ገጽ በለስላሳና በደም ሥር በበለጸገ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ ሁለት ክፍሎች አሉት። የላይኛው ክፍል በየወሩ ለፅንስ ማረፊያ እንዲሆን የሚዘጋጅና እርግዝና ካልተፈጠረ ከወር አበባ ጋር የሚወገድ ነው። የታችኛው ክፍል ከማህፀኑ ጡንቻ ጋር ተያይዞ የሚቀር፣ በወር አበባ ጊዜም የማይወገድ መሠረት ነው።

የወር አበባ ደም ገና ሳይቆም የጥገናው ሥራ ይጀምራል። በመጀመሪያ የተገለጠው ገጽ በአዳዲስ ሕዋሳት ይሸፈናል። ቀጥሎም ከእንቁላል ማምረቻ እጢዎች የሚመነጨው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሽፋኑን ያሳድገዋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሽፋኑ በበርካታ ሚሊ ሜትር ይወፍራል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ሽፋኑን ለፅንስ ምቹ ያደርገዋል። ፅንስ ካልተፈጠረ የሆርሞኖቹ መጠን ይወርድና ሽፋኑ እንደገና ይፈርሳል።

ስለዚህ የወር አበባ የርኩሰት ወይም የበሽታ ምልክት ሳይሆን የአንድ ጤናማ እድሳት አካል ነው። ዛሬ ሳይንስ ለጥገና የሚሆኑ ሕዋሳትን ከዚሁ ደም ውስጥ መፈለጉ ራሱ፣ በወር አበባ ላይ የቆየውን የተዛባ አመለካከት እንደገና ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው።

ግንደ ሕዋስ ማለት ምን ማለት ነው?

አብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት የተወሰነ ሥራ አላቸው። የጡንቻ ሕዋስ ይኮማተራል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ያጓጉዛል። ግንደ ሕዋስ ከእነዚህ በሁለት ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ ራሱን የሚመስል ሌላ ግንደ ሕዋስ በመተካት ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል። ሁለተኛ፣ አስፈላጊ ሲሆን ተከፋፍሎ ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸውን ሕዋሳት ያስገኛል።

የጋሞ ገበሬ ይህን አሠራር ከእንሰት እርሻው ጋር አነጻጽሮ ሊረዳው ይችላል። የእንሰት ችግኝ ለማፍላት ሲፈለግ ለጋ እንሰት ተቆፍሮ አሚቾው ይወጣል፤ የመሃል እምቡጡ ተወግዶ ተመልሶ በአፈር ይቀበራል። ከጊዜ በኋላ ከአንዱ አሚቾ በርካታ ችግኞች ይበቅላሉ። የማብቀል ኃይሉ በአሚቾው ውስጥ የነበረ ቢሆንም፣ የመሃል እምቡጡ እስኪወገድ ድረስ ጎልቶ አልወጣም። በማህፀን ሽፋን መሠረት ውስጥ የሚገኙት ግንደ ሕዋሳትም በተመሳሳይ ሁኔታ የሚበዙት ከአካባቢያቸው ተገቢው ምልክት ሲደርሳቸው ነው። ንጽጽሩ አሳቡን ለማስረዳት ያህል የቀረበ እንጂ የተክልና የሰው ሕዋስ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም።

እነዚህ ሕዋሳት ከአዋቂ ሴት የሚወሰዱ በመሆናቸው ከፅንስ ከሚገኙ ግንደ ሕዋሳት ጋር ሊምታቱ አይገባም። የማህፀን ሽፋን ግንደ ሕዋስን ለማግኘት ፅንስ ማጥፋት አያስፈልግም።

ግኝቱ የተጓዘበት መንገድ

በማህፀን ሽፋን ውስጥ ግንደ ሕዋሳት ሊኖሩ ይገባል የሚለው አሳብ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቢቀርብም ለረጅም ጊዜ በሙከራ ሳይረጋገጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ካሮላይን ጋርጌትና ባልደረቦቻቸው፣ በቀዶ ሕክምና ከወጡ ማህፀኖች የተወሰዱ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ለያይተው በቤተ ሙከራ አሳደጉ። ከሽፋኑ ገጽና ከእጢዎቹ ከተወሰዱት ከ1,000 ሕዋሳት ሁለት ያህሉ፣ ሽፋኑን ከሚደግፈው ክፍል ከተወሰዱት ደግሞ ከ100 ሕዋሳት አንድ ያህሉ ብቻ ብቻቸውን ተባዝተው ጉባኤ መሥርተዋል። ይህ ውጤት በሽፋኑ ውስጥ ልዩ የመባዛት ኃይል ያላቸው ጥቂት ሕዋሳት እንዳሉ ያመለከተ የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ ነበር።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሂው ቴይለር ሌላ ማስረጃ አቀረቡ። ከሌላ ሰው የአጥንት መቅኔ የተለገሳቸው አራት ሴቶች የማህፀን ሽፋን ሲመረመር፣ ከለጋሾቹ የመጡ ሕዋሳት በሽፋኑ ውስጥ ተገኙ። ይህም የአጥንት መቅኔ በማህፀን ሽፋን እድሳት ላይ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ሕዋሳት ከወር አበባ ደም ሊገኙ እንደሚችሉ አስታወቁ።

ለምርምር የሚሆነው ናሙና የሚወሰደው ቀጭን ቱቦ በማህፀን በር በኩል በማስገባት ከሽፋኑ ጥቂት በመቆንጠጥ ነው። ለዚህ ተግባር ቀዶ ሕክምናም ሆነ ሙሉ ማደንዘዣ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ያረጡ ሴቶች ሽፋን የሳሳ ቢሆንም፣ ለአጭር ጊዜ ኤስትሮጅን ሲሰጣቸው ሽፋኑ እንደገና እንደሚያድግና ግንደ ሕዋሳቱም እንደሚገኙ በጥናት ታይቷል። የማህፀን መውረድ በዕድሜ ከገፉ ሴቶች መካከል የሚበዛ በመሆኑ ይህ ግኝት ልዩ ጠቀሜታ አለው።

ሕዋሳቱ ጥገናን የሚያግዙት እንዴት ነው?

ብዙ ሰው ግንደ ሕዋስ በተጎዳው ቦታ ሲገባ ራሱ አዲስ አካል ሆኖ የሚበቅል ይመስለዋል። ከማህፀን ሽፋን ደጋፊ ክፍል የሚገኙት ሕዋሳት ግን፣ እስካሁን በተደረጉት ምርምሮች እንደታየው፣ በአብዛኛው የሚያግዙት በሚያመነጯቸው ንጥረ ነገሮች አማካይነት ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች፦

– አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያነሣሣሉ፤
– ከመጠን ያለፈ የሰውነት መቆጣትን ያበርዳሉ፤
– የጠባሳ መብዛትን ይቀንሳሉ፤
– በአካባቢው ያሉት የሰውነት ሕዋሳት የጥገና ሥራቸውን እንዲያፋጥኑ ይረዳሉ።

ይህ ማለት ሕዋሳቱ ብዙ ጊዜ በተተከሉበት ቦታ ለዘለቄታው አይቆዩም፤ የሚጠበቀው ጥቅም የሰውነትን የራሱን ጥገና በተሻለ አቅጣጫ መምራት ነው።

የማህፀን መውረድና የጋሞ ደጋ

ማህፀንን፣ የሽንት ፊኛንና የአንጀትን የታችኛ ክፍል በቦታቸው የሚይዟቸው ጅማቶችና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህ ሲለጠጡ፣ ሲቀደዱ ወይም ሲደክሙ አካላቱ ወደ ብልት ያዘቀዝቃሉ፤ ሕመሙ ሲጠናም ወደ ውጭ ይወጣሉ። ይህ የማህፀን መውረድ ወይም በአንዳንድ አካባቢ እንደሚጠራው የማህፀን መውጣት ይባላል።

ለችግሩ የሚያጋልጡት ዋና ዋና ምክንያቶች ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ከባድ ሸክም፣ የዕድሜ መግፋት፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት ናቸው። በጎንደር አካባቢ በዳባት ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በአካል ከተመረመሩት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በልዩ ልዩ ደረጃ መውረድ እንደታየባቸው አመልክቷል። ሲጠየቁ ምልክቱ እንዳለባቸው የተናገሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ችግሩ በደጋ ከመኖር፣ በቀን ለአምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር ከመሸከምና ከተራዘመ ምጥ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

የዶርዜ እናት ኑሮ ከእነዚህ ምክንያቶች አይርቅም። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ዶርዜም በዚሁ ዳገት ላይ ትገኛለች። ዶርዜ በሸማ ሥራዋ በአገር ሁሉ የታወቀች ናት፤ በዚህም ሥራ ሽመናው የወንዶች፣ ፈትሉ የሴቶች ድርሻ ነው። ከፈትሉ ሌላ እንሰት መፋቅ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከምና ሸቀጥ ይዞ ገበያ መውጣትና መውረድ በሴቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከወለዱ ብዙ ሳይቆዩ ወደዚህ ሥራ መመለስ ገና ያልጠነከረውን የዳሌ ወለል ለጉዳት ያጋልጣል።

ችግሩ በሚስጥር የሚያዝ መሆኑ ሌላው ፈተና ነው። ብዙ እናቶች ከባላቸውና ከልጆቻቸው ጭምር ይደብቁታል፤ የእርግማን ውጤት ወይም የወሊድ ዕጣ ነው ብለው የሚቀበሉትም አሉ። የማህፀን መውረድ ግን ታውቆ የሚታከም የጤና እክል ነው።

መረቡና ግንደ ሕዋሱ

በቀዶ ሕክምና የተስተካከለ ማህፀን በአንዳንድ ሴቶች ከጊዜ በኋላ ዳግም ይወርዳል። ምክንያቱም ቀዶ ጥገናው የሚያያይዘው ያንኑ የደከመ ኅብረ ሕዋስ ነው። ይህን ለመከላከል ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ መረብ በብልት በኩል መትከል በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ነበር። ይሁንና መረቡ በበርካታ ሴቶች ላይ ሥር የሰደደ ሕመም፣ የመረብ መሸርሸርና ሌላም ጉዳት አስከተለ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ እነዚህን መረቦች ከገበያ ለማስወጣት ወሰነች፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ለዚህ አገልግሎት የሚውሉ መረቦች ሽያጭ እንዲቆም አዘዘ።

ከጉዳቱ ምክንያቶች አንዱ የሁለቱ ነገሮች አለመጣጣም ነው። ለስላሳ ድር በሻካራና ግትር ማግ ቢሸመን ጨርቁ እንደሚጎትትና እንደሚቀደድ ሁሉ፣ ግትር መረብም ከለስላሳው አካል ጋር በሚገባ አልተዋሐደም፤ ሰውነትም እንደ ባዕድ አካል ቆጥሮ ተቆጣው።

የሜልቦርኑ የምርምር ቡድን አማራጭ መፍትሔ ለማግኘት ለስላሳ መረብን ከማህፀን ሽፋን ግንደ ሕዋሳት ጋር ማጣመርን ሞክሯል። በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራ ግንደ ሕዋስ የያዘው መረብ ካልያዘው ይልቅ ብዙ አዳዲስ የደም ሥሮች አስገኝቷል፤ የረጅም ጊዜ መቆጣትን ቀንሷል፤ በአካባቢው የተፈጠረውም ኅብረ ሕዋስ ግትርነቱ ያነሰ ሆኗል። ቀጥሎ የብልት አካላቸው በመጠን ለሰው በሚቀርብ በጎች ላይ ጥናት ተደርጓል። ከጊዜ በኋላ ሟምተው የሚጠፉ እጅግ ቀጫጭን ክሮችም እየተሞከሩ ነው።

እነዚህ ውጤቶች ተስፋ ሰጪ ቢሆኑም በእንስሳት ላይ የተገኙ ናቸው። በእንስሳት የሠራ ሕክምና ሁሉ በሰው ላይ አይሠራም፤ ደኅንነቱና ውጤቱ በሰዎች ላይ በደረጃ በሚካሄድ ክሊኒካዊ ሙከራ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ጠባሳ የያዘ ማህፀን

የማህፀን ሽፋን የመታደስ ኃይል ገደብ አለው። መሠረታዊው ክፍል ከተጎዳ ለእድሳት የሚያስፈልጉት ሕዋሳት ይጠፋሉ፤ የማህፀኑ ግድግዳዎችም በጠባሳ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ይህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1948 በስፋት በገለጹት ሐኪም ስም አሸርማን ሲንድሮም ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የቀረ የእንግዴ ልጅ ለማውጣት በሚደረግ ማህፀን ጠረጋ ምክንያት ነው። የማህፀን ቲቢም ሽፋኑን ክፉኛ ሊያበላሽ ይችላል። የወር አበባ መቀነስ ወይም መቅረት፣ ልጅ መውለድ አለመቻልና ተደጋጋሚ ውርጃ ምልክቶቹ ናቸው።

መደበኛው ሕክምና የማህፀንን ውስጥ በሚያሳይ ቀጭን መሣሪያ ጠባሳውን መፍታት ነው። በስፔን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አነስተኛ ጥናት ከሴቶቹ ከራሳቸው የአጥንት መቅኔ የተገኙ ሕዋሳትን፣ በቻይና በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሴቶቹ ከራሳቸው የወር አበባ ደም የተገኙ ሕዋሳትን በዚህ ችግር ላይ ሞክረዋል። ሽፋኑ የወፈረላቸውና ያረገዙ ሴቶች ነበሩ። ሆኖም ተሳታፊዎቹ ጥቂት ስለነበሩና ሕክምናውን ካላገኙ ሴቶች ጋር ስላልተነጻጸሩ፣ ውጤቱ ለጠቅላላ አገልግሎት የሚያበቃ ማስረጃ አይደለም።

ፊስቱላን በተመለከተ

በተራዘመ ምጥ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን አካል ከዳሌ አጥንት ጋር ለረጅም ሰዓት ይጫነዋል። የደም ዝውውሩ ሲቋረጥ ኅብረ ሕዋሱ ይሞታል፤ በሽንት ፊኛና በብልት ወይም በአንጀትና በብልት መካከልም ቀዳዳ ይፈጠራል። የማህፀን ሽፋን ግንደ ሕዋስ ፊስቱላን እንደሚፈውስ የተረጋገጠ ነገር የለም። የፊስቱላ ዋና ሕክምና በሠለጠነ ሐኪም የሚደረግ ቀዶ ጥገና ነው። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ከፍተዋል። ለደቡቡ የአገራችን ክፍል ደግሞ የይርጋለም ሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አገልግሎት ይሰጣል።

የመታደስ ኃይል ሌላ ገጽታ

በፍጥነት የሚባዛ ሕዋስ ከቦታው ሲወጣ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ኢንዶሜትሪዮሲስ በተባለው ሕመም የማህፀን ሽፋንን የሚመስል ኅብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ ለምሳሌ በእንቁላል ማምረቻ እጢዎችና በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ፣ ያድጋል። በወር አበባ ጊዜ ከደሙ ጥቂቱ በማህፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ ዕቃ እንደሚፈስ ይታወቃል፤ ከእርሱ ጋር የሚሄዱት ግንደ ሕዋሳት ለሕመሙ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ የሚል አስተያየት በተመራማሪዎች ዘንድ አለ። ግንደ ሕዋስን ወደ ሰውነት የሚያስገባ ማንኛውም ሕክምና ጥብቅ ምርመራና የረጅም ጊዜ ክትትል የሚጠየቀውም በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

ዛሬ ያለው ሕክምና

የማህፀን መውረድ ያጋጠማት እናት የግንደ ሕዋስ ምርምር ፍጻሜ እስኪያገኝ መጠበቅ አያስፈልጋትም። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፦

– በብልት አካባቢ የመክበድ ወይም የሆነ ነገር የሚወርድ ያህል ስሜት፤
– በእጅ የሚዳሰስ ወይም በዓይን የሚታይ እብጠት፤
– ሲቆሙና ሲሸከሙ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል የወገብ ሕመም፤
– ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ወይም ሽንት ለመሽናት መቸገር፤
– ከወጣው አካል ላይ ቁስል ወይም ደም መታየት።

በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ለሚገኝ መውረድ የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ይረዳል። እንቅስቃሴው ሽንት ለመያዝ እንደሚደረገው ጡንቻውን አጥብቆ ለጥቂት ሰከንዶች መያዝ፣ ከዚያም መልቀቅ ነው። ይህ በየቀኑ ደጋግሞ ለተከታታይ ወራት ቢሠራ ጥቅሙ ይታያል፤ ፈትል ላይ ተቀምጠውም ሊሠሩት ይቻላል። ሁለተኛው አማራጭ ፔሳሪ የተባለ ቀለበት መሰል ድጋፍ ነው። ባለሙያ በልክ መርጦ በብልት ውስጥ ያስገባዋል፤ በየጊዜውም ወጥቶ መጽዳት አለበት። መውረዱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት፣ ሐኪሙ ካዘዘም ከዚያ በላይ፣ ከባድ ሸክም መሸከም አይፈቀድም።

የዶርዜና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በቅርብ የሚገኘውን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ በመጀመሪያ ሊያማክሩ ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሚስጥር ጠብቃ ታዳምጣለች፤ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ጨንቻ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት እንዲሰጥ ታደርጋለች። ልጅ መውለድ ላልቻሉ ሴቶች ከፍተኛ ምርመራና ሕክምና ሲያስፈልግ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው።

መከላከልን በሚመለከት ትልቁ ድርሻ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ነው። በጤና ተቋም መውለድ ምጥ ሲራዘም በጊዜው እርዳታ ለማግኘት ያስችላል። ከጤና ጣቢያ ርቀው የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ ቢቆዩ፣ በወሊድ መካከል በቂ ጊዜ ቢኖር፣ አራስም ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ከሸክም ብትጠበቅ ብዙ ጉዳት ይቀራል። በጋሞ የኅብረተሰቡ ጉዳይ በሽማግሌዎች ፊት በዱቡሻ እንደሚመከርበት ሁሉ፣ የአራስ እናት ሸክም እንዴት ይከፋፈል የሚለውም በዚያ ሊመከርበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ባልተረጋገጠ ሕክምና ስለመጠንቀቅ

በልዩ ልዩ አገሮች አንዳንድ የግል ተቋማት የግንደ ሕዋስ መርፌ ለብዙ በሽታ መድኃኒት ነው እያሉ በከፍተኛ ዋጋ ያስተዋውቃሉ። የወር አበባ ደምን ለወደፊት ሕክምና በክፍያ እናስቀምጥ የሚሉም አሉ። የማህፀን ሽፋን ግንደ ሕዋስ ግን ለማህፀን መውረድም ሆነ ለአሸርማን ሲንድሮም መደበኛ ሕክምና ለመሆን ገና አልበቃም።

ሕዋሱ ከራስ ሰውነት የተወሰደ መሆኑ ብቻውን ለደኅንነት ዋስትና አይሆንም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ በዓይናቸው ውስጥ ተወግተው ዕይታቸው ክፉኛ መጎዳቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ስለዚህ ማንም ሰው እንዲህ ዓይነት ሕክምና ሲቀርብለት ከመስማማቱ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

– ሕክምናው በአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተፈቅዷል? በኢትዮጵያ ይህን የሚመለከተው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።
– ገና በምርምር ላይ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለው? የስምምነት ሰነዱ በሚገባኝ ቋንቋ ተብራርቶልኛል?
– በምርምር ለመሳተፍ ገንዘብ ለምን እከፍላለሁ? በሥርዓት የሚካሄድ ምርምር አብዛኛውን ጊዜ የሙከራ ሕክምናውን ለተሳታፊው አይሸጥም።
– ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ይከታተለኛል? ለስንት ጊዜስ?

መልስ ያላገኘ ጥያቄ ካለ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በመንግሥት ሆስፒታል የሚገኝ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ማማከር ይገባል። ለእንዲህ ዓይነት መርፌ በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ መሄድ፣ በቅርብ የሚገኘውን የተረጋገጠ ሕክምና የሚያሳጣ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ያለ ጠባሳ የመታደስ ልዩ ችሎታ አለው። ለዚህም ድርሻ ያላቸው ግንደ ሕዋሳት መገኘታቸው ለማህፀን መውረድና ለተጎዳ ማህፀን ሕክምና አዲስ የምርምር በር ከፍቷል። ሕዋሳቱ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና መወሰድ መቻላቸውና ካረጡ ሴቶችም መገኘታቸው የምርምሩን ተስፋ ያጠናክራል። ነገር ግን ከቤተ ሙከራና ከእንስሳት ጥናት ወደ ታካሚዋ ለመድረስ ሊታለፉ የማይገባቸው የማረጋገጫ ደረጃዎች ይቀራሉ።

እስከዚያው ድረስ የዳሌ ወለል እንቅስቃሴ፣ ፔሳሪና ቀዶ ሕክምና ለብዙ እናቶች እፎይታ የሚሰጡ የታወቁ አማራጮች ናቸው። ምልክቱ ያለባት እናት ሳትሸማቀቅ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ ባለቤቷና ቤተሰቧም ሸክሟን ተካፍለው፣ ለመንገዱ አግዘው፣ ከሕክምና በኋላም የዕረፍት ጊዜዋን ያክብሩላት።